ሸማኔው የት ነው? ስለ ጨርቅ ጥበብ ዐውደ ርዕዮችና ውይይቶቻችን

የጥለት ወዳጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

በቅርቡ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የጨርቅ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አየሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዩ ከአንድ ጋለሪ በላይ ነው። ሥራዎቹ በእውነት ያምራሉ። አንደኛው ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ነጭ ፈትል ነው። ጥለቱ እንደለመድነው ዳር ላይ አልቀረም፤ ከጫፍ ተነሥቶ ወደ መሀል እየተበተነ ይሄዳል። ቀርቤ አየሁት። ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። የእጅ ፈትል ነው፣ ማሽን እንዲህ አያደርግም። ጥለቱ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ መስመር አለች። ከላይ ስትነሣ ሦስት ሦስት ድር (በቁመት የተወጠረውን ክር) እየዘለለች ትመጣለች። ወደ ታች ስትወርድ ሁለት ሁለት ትሆንና ትጠብቃለች። ይህን የወሰነ እጅ አለ። የማን እጅ?

ካርዱ ላይ የአርቲስቷ ስም፣ ዓመቱ፣ ከዚያ «ጥጥ፣ በእጅ የተሸመነ» ይላል። በቃ።

ማታ ደግሞ ውይይት ነበር። ስለ ቅርስ፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ውጭ ገበያ ብዙ ተባለ። መድረኩ ላይ ግን ማግ (በአግድም የሚገባውን ክር) ወርውሮ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ጥያቄ ሲፈቀድ ተነሥቼ «ማን ሸመነው?» አልኩ። «ሽሮ ሜዳ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው» ተባልኩና ወደ ሌላ ጥያቄ ታለፈ።

እኔ አርቲስቷን ለመውቀስ አልመጣሁም። ሐሳቡ የሷ ነው፣ አደንቃታለሁ። የምለው የጨርቅ ጥበብ ብለን ዐውደ ርዕይ ስናዘጋጅ የሸማኔውም የፈታይዋም ስም ካርዱ ላይ ይግባ ነው። ውይይት ስናዘጋጅ ሸማኔው እንደማንኛውም ተናጋሪ አበል ተከፍሎት መድረክ ላይ ይቀመጥ። ቢቻል ደግሞ የሽመና ዕቃው አዳራሹ ውስጥ ተተክሎ ሲሠራ እንየው። እናንተስ?

ሐር ክር

እኔ ልብስ ዲዛይነር ነኝ፣ ከሸማኔዎች ጋር እሠራለሁ። ስለዚህ ከዚህ ወገን ያለውን ልንገርህ።

ስም የማንጽፈው ሁልጊዜ በንቀት አይደለም። ጎበዝ ጥለት ጣይ ማግኘት ከባድ ነው። ስሙን ካርድ ላይ ካወጣሁት በሳምንቱ ሌላ ዲዛይነር ቤቱ ድረስ ሄዶ ይወስደዋል። የኔን ንድፍም አብሮ ይወስደዋል። ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ሸማኔያችንን የምንደብቀው በዚህ ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር ካልን የጻፍከው ልክ ነው። እኔ ንድፉን ካሬ ወረቀት ላይ አስልቼ እሰጣለሁ። አንዱ ካሬ ይህን ያህል ክር ነው ብዬ። ሸማኔው አይቶት «ይሄ እዚህ ጋ አይመጣም፣ ክሩ ይላላል፣ በሁለት ላድርገው» ይለኛል። ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ልክ ነው። አረንጓዴዋ መስመር ከሦስት ወደ ሁለት የወረደችው ምናልባት እንዲህ በመሰለ ንግግር ይሆናል። ያ ውሳኔ ንድፍ ነው። ንድፍ ከሆነ ደግሞ ባለቤት አለው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

አባቴ ሸማኔ ነው። ከጨንቻ ወጥቶ እዚህ የመጣው በልጅነቱ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ከገበያው ጀርባ ያሉትን ቤቶች የሚያውቅ ያውቃል። የሽመና ዕቃው ቤቱን ይሞላዋል። ሰውዬው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ከጎኑ ፍራሽ ይዘረጋል።

ሰው ስለ ጥለት ሲያወራ ስለ ቀለም ብቻ ያወራል። እኔ የማውቀው ይህን ነው። የነጠላው ነጭ ክፍል ቶሎ ይሄዳል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እግር ይረግጣል፣ ይመታል፣ ይቀጥላል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ሁሉ ነገር ይቆማል። አባቴ የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል። የቀለሙን ክር በእጁ ያስገባል። ደግሞ ይቆጥራል። አንድ ክር ከሳተ መስመሩ ሁሉ ይዛባል፣ ፈትቶ ይመለሳል። ያች የአንድ ስንዝር ጥለት ከቀረው ጨርቅ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ትወስዳለች። የሚከፈለው ግን በቁራጭ ነው እንጂ በሰዓት አይደለም። ጥለቱ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ የድካሙን ያህል ግን አይጨምርም።

አባቴ በአንድ ዐውደ ርዕይ ላይ የራሱን ሥራ ተሰቅሎ አይቷል። ምን እንዳለ ልንገራችሁ። «ተገልብጦ ነው የሰቀሉት» አለ። የጥለቱን ፊትና ጀርባ የሚለይ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም ማለት ነው። ሸማኔውን ብትጠሩት እኮ ይህን ከመክፈቻው በፊት ይነግራችሁ ነበር።

የጥለት ወዳጅ

@የሽሮ ሜዳ ልጅ ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። ጀርባውም ቢሆን መታየት ያለበት ነው እላለሁ። የጥለት ጀርባ ላይ ክሩ ከየት ወደየት እንደዘለለ ይታያል። እኔ አዘጋጅ ብሆን ጨርቁን ከግድግዳ ላይ አንሥቼ መሀል አዳራሽ እሰቅለው ነበር፣ ሰው ሁለቱንም ወገን እንዲያይ።

ሦስተኛ ዓመት (የሥነ ጥበብ ተማሪ)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ትንሽ ልቃወም።

ሐውልት ስታዩ ነሐሱን ያቀለጠውን ሰው ስም ትጠይቃላችሁ? አርቲስቱን ኤልያስ ስሜን ውሰዱ። የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ እንጨት ላይ የሚያያይዛቸው ትልልቅ ሥራዎች ላይ ረዳቶች አሉ። ሥራው ግን የኤልያስ ነው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ዕቃ ሰብስቦ ያን ዓለም ያየው እሱ ነው። እንደዚህ ካልን የዘመኑ ጥበብ ሁሉ የስም ዝርዝር ይሆናል። ደግሞ «ዕደ ጥበብ» እና «ሥነ ጥበብ» አንድ ናቸው ብለን ከደመደምን እኛ ትምህርት ቤት የገባነው ለምንድን ነው?

የጥለት ወዳጅ

@ሦስተኛ ዓመት ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቸል አልለውም።

መጀመሪያ ኤልያስን ስላነሣህ ደስ ብሎኛል። ምክንያቱም እሱ ከሽቦው በፊት መርፌና ክር ይዞ ነው የሠራው። ሸራ ላይ ክር እየሰፋ፣ አዝራር እየተከለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ላይ መስከረም አሰግድና ፒተር ሴላርስ ያዘጋጁት ትልቅ ዐውደ ርዕዩ ስሙ ራሱ ስለ መርፌ ዓይን ነበር። ስፌቱን የሰፋው ራሱ ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር የለንም። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየምን ደግሞ ሄደህ እየው። ሕንፃው ጭቃና ጭድ ነው። የግድግዳው ቅርጽ ላይ የእጅ ዱካ ይታያል። እዚያ ቤት ዕደ ጥበብና ሥነ ጥበብ በር ላይ አይለያዩም።

ሁለተኛ፣ በተሰጠው ልክ የሚሠራ ረዳትና ውሳኔ የሚሰጥ ባለሙያ ይለያያሉ። ሐር ክር ከላይ የጻፈችውን አንብበው። «ይሄ እዚህ ጋ አይመጣም» የሚል ሰው ረዳት ብቻ አይደለም። ደግሞ የስም ዝርዝር ምን ክፋት አለው? ፊልም ሲያልቅ መብራት የያዘው ልጅ ስም ሳይቀር ይወጣል። የዳይሬክተሩ ክብር ሲቀንስ አይቼ አላውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከዚህ ከአሜሪካ ልጨምር። እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች እድለኞች ነን። በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም አለ። በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ነው አሁን ያለበት ሕንፃ የገባው። በ2024 ደግሞ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ጋለሪ ስለ ሽመናና ስለ ዘመናዊ ረቂቅ ጥበብ ግንኙነት ትልቅ ዐውደ ርዕይ አሳይቷል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ቆየ። በነፃ ነው የሚገባው። ከሥራ ስወጣ ጎራ እል ነበር።

እዚያ ያየሁት ነገር አኒ አልበርስን ነው። ጀርመን ባውሃውስ ትምህርት ቤት ስትገባ ሌሎቹ ክፍሎች ለሴት አይመቹም ተብሎ ወደ ሽመና የተገፋች ሴት ናት። በኋላ ግን በ1949 ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለአንድ የጨርቅ አርቲስት ብቻውን ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች። እንግዲህ አስቡት። እነሱ ዘንድ ሽመና የተናቀው የሴት ሥራ ነው ተብሎ ነው። እኛ ዘንድ ሸማኔው ወንድ ነው፣ ግን ሌላ ምክንያት ተፈልጎለት ተናቀ። የአልበርስ ስም የተነሣው እሷ ራሷ ስለጻፈች፣ ስላስተማረች፣ ስለተናገረች ነው። ሸማኔዋ ራሷ መድረክ ላይ ነበረች። ያ ነው የለወጠው።

ሌላ ደግሞ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየሙ ቅዳሜ ጠዋት የሚያዘጋጀው ዝግጅት አለ። አንድ የሚያውቅ ሰው ስለ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይናገራል። ሰብሳቢዎች የራሳቸውን ጨርቅ ይዘው መጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይጠይቃል። ይህን እኛም አዲስ አበባ ላይ፣ እዚህም በየማኅበራችን ማድረግ እንችላለን። «የእናታችሁን ጋቢ ይዛችሁ ኑ» ቢባል ማን ይቀራል?

እቴቴ

ኧረ እኔ እመጣለሁ! የእናቴ ጋቢ አለኝ። አራት ድርብ፣ ፈትሉን ራሷ የፈተለችው። ሸማኔ ቤት ወስዳ ስትሰጥ ልቃቂቱን በቅርጫት ይዛ ስትሄድ ትዝ ይለኛል።

ልጆቼ፣ ስለ ሸማኔው ብዙ አላችሁ፣ መልካም ነው። ስለ ፈታይዋ ግን ሁላችሁም በአንድ ቃል አለፋችሁ። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ይጠቀለልና አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ ነው እንዝርት የሚጀመረው። በቀኝ እጅ እንዝርቱን ማሾር፣ በግራ አመልማሎውን መሳብ። ክሩ እንዳይበጠስ፣ እንዳይወፍርም። እናቴ ቡና እየተጠጣ፣ ሰው እያወራ ትፈትላለች፤ ዓይኗ እንኳ እዚያ አይደለም። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ሴት መፍተል አለባት። የሴቶቹን ስም ማን ጻፈ? ዛሬ ካርድ ላይ «ጥጥ» ብቻ የሚል ሰው የብዙ ሴት ሥራ ነው የሚያልፈው።

የጥለት ወዳጅ

እትዬ፣ ልክ ብለዋል። «የፈተለችው» የሚል መስመር ካርዱ ላይ ብቻውን ይኑረው።

ሐር ክር

እቴቴ ያነሡት ነገር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ገዢውም፣ የዐውደ ርዕይ ተመልካቹም አያውቀውም። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ነጠላ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። የእጅ ፈትሉ ማጉ ብቻ ነው። ምክንያቱም የፋብሪካው ክር እኩል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲወጠር አይበጠስም፣ ለሸማኔውም ይፈጥንለታል። ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል የሆነ ጨርቅ ማግኘት እየከበደ ነው። ለዚህ ነው «በእጅ የተሸመነ» የሚል ካርድ ምንም የማይነግረን። ድሩ ምንድን ነው? ማጉ ምንድን ነው? የጥለቱ ክርስ? ይህን መጻፍ ሁለት መስመር ነው የሚፈጀው።

መርካቶ ደግሞ ጥለቱ ታትሞ የመጣ ጨርቅ ሞልቷል። ከሩቅ ሲያዩት ሐበሻ ቀሚስ ነው። ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው ነጭ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አንድ ቀሚስ ሳይጨርስ ያኛው በጥቅል ይሸጣል። ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ካሳየነው ነው። ዐውደ ርዕይ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ለንደን 7

እኔ ከለንደን ነኝ። የምጽፈው ስለ አንድ ጨርቅ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከጎንደር ዘመን የመጣ የሐር መጋረጃ አለ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰቀል። ሙዚየሙ የገባው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፣ የመቅደላው ዘመቻ ዓመት። ካናዳ ቶሮንቶ ያለው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየምም የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ጨርቅ አለው። ቁመቱ ከአምስት ሜትር በላይ ነው። ሦስት ረጃጅም ቁራጮች ጎን ለጎን ተያይዘው ነው የተሠራው።

አሠራሩ ግን ጉድ ነው። በተለመደው የሽመና ዕቃ አይደለም። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ካሬ ሰሌዳዎች ነው። በየቀዳዳው ክር ይገባል። ሰሌዳው ሲዞር ክሮቹ ይጠማዘዛሉ፣ ላይ የነበረው ቀለም ታች ይወርዳል፣ የታቹ ይወጣል። በዚህ ዘዴ ሰው በተለምዶ የሚሠራው ቀበቶ ነው፣ ጠባብ ነገር። ለአንድ ቀበቶ ጥቂት አሥር ሰሌዳ ይበቃል። ለዚህ መጋረጃ አንድ ቁራጭ ብቻ ከ300 በላይ ሰሌዳ ነው ያስፈለገው። እነዚያን ሁሉ በየረድፉ ማዞር ማለት ነው። የተወሰኑትን ወደፊት፣ የተወሰኑትን ወደኋላ፣ የንጉሥ ዘውድ እንዲወጣ፣ ጠመንጃ የያዘ አጃቢ እንዲወጣ፣ ካህናቱ እንዲወጡ። ሐሩ ከቻይና በንግድ የመጣ ነው። በዓለም ላይ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል።

ጨርቁ ላይ ያሉት ነገሥታት እነማን እንደሆኑ ምሁራን ይከራከራሉ። አፄ በካፋ ናቸው፣ እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ ልጁ ኢያሱ ነው ይባላል። የሸማኔዎቹ ስም ግን የለም። ያን ሁሉ ሰሌዳ በራሱ ውስጥ ይዞ የሚያዞር አእምሮ የማን እንደነበረ አናውቅም። ለዚህ ነው የጥለት ወዳጅ ያነሣው ነገር ውስጤ የገባው። ከ300 ዓመት በፊት ለሆነው ምንም ማድረግ አንችልም። ዛሬ በሕይወት ያለውን፣ ስልክ ያለውን፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ያለውን ሰው ስም አለመጻፍ ግን ምርጫ ነው።

ደግሞ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ሲያስብ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው ተብሎ የሚታመን ባለ ጥልፍ ቀሚስ አሳይቶ ነበር። ሰው ሁሉ የወርቁ ዘውድ ጋ ተሰብስቧል። እኔ ቀሚሱ ጋ ነበርኩ። ጥልፉ ደረት ላይ ያለ ነው። እጅ እንጂ ሌላ ነገር ያን አይሠራውም።

ሀይፋ

@ለንደን 7 ስለ ጎንደር ሸማኔዎች አንድ ነገር ልበል። ጎንደርና አካባቢው ሽመና በብዛት የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። የአያቴ ወንድም ሸማኔ ነበር፣ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ቀን ሥራውን ይወስዱለታል፣ ማታ ቡዳ ይሉታል። ጨርቁን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው የሸመነለትን ሰው ቤት ቡና አይጠጣም ነበር።

እዚህ እስራኤል ከመጣን በኋላ ሽመናው ቀረ። ፋብሪካ ገቡ። ልጆቻቸው እጃቸው ምን እንደሚያውቅ አላዩም። እኔ እዚህ አገር ስለ ኢትዮጵያ ዕደ ጥበብ ንግግር ሲኖር እሄዳለሁ። ጥልፉና ሸክላው ይታያል፣ ጥሩ ነው። ሸማኔ የነበሩት ሽማግሌዎች ግን ከአድማጩ መሀል ተቀምጠው ዝም ብለው ያያሉ። ማይክሮፎኑን ለእነሱ ስጧቸው። ጊዜ የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

@ሀይፋ ይህ ያልከው ነገር ነው ሥሩ። ንቀቱ አዲስ አይደለም፤ ስሙ ካርድ ላይ የማይጻፈውም ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ልማድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት እኮ ሸማኔውም ቀጥቃጩም በየመንደሩ ስለሚሰደቡ ነው። አዋጁ ስድቡን ከለከለ። ስም መጻፍ ግን የኛ ሥራ ነው።

ደግሞ በጎ ነገርም ላንሳ። ባልቲሞር ያለው ዎልተርስ ሙዚየም ከታኅሣሥ 2023 እስከ መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ጥበብ ትልቅ ዐውደ ርዕይ አቅርቦ ነበር። ከዚያ ወደ ማሳቹሴትስና ወደ ኦሃዮ ተጓዘ። የዘመኑን ሥራዎች ያዘጋጀችው ፀዳየ መኮንን ናት፣ የኛው የዚሁ አካባቢ ልጅ። እሷ ራሷ ጨርቅ ላይ ትሠራለች። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ መስታወት የመሰሉ ቁርጥራጮች፣ ቅርጻቸው ከመስቀሎቻችን የተወሰደ። ጨርቁን ለብሳ ትንቀሳቀሳለች፣ ብርሃኑ ግድግዳ ላይ ይረጫል። እናቴን ይዣት ሄጄ ነበር። በቤተ መዘክር ውስጥ ጨርቅ ፊት ለፊት ቆማ ከማያውቁት ሰው ጋር ስታወራ ሳያት ደስ አለኝ።

ጨንቻ በረዶ

እኔ ከጋሞ ነኝ። ሁለት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ሽሮ ሜዳ ሽሮ ሜዳ ብቻ አትበሉ። ዶርዜ ላይ ዛሬም ይሸመናል። ዱንጉዛችንን ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር አድርገን እንሸምናለን። ውይይት ሲዘጋጅ አንዳንዴ አዲስ አበባ ይቅርና እዚህ ይምጡ። ቤቱ፣ ጉድጓዱ፣ ጥጡ፣ ሁሉም በቦታው ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ከኛ አገር ሕፃናት ለሽመና ሥራ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳሉ። ትምህርት ያቋርጣሉ። ቀን ከሌት ይሠራሉ፣ አንዳንዱ ደመወዝ እንኳ አያይም። ይህን የማያውቅ የለም። እና ዐውደ ርዕይ ላይ ስለ ቅርስ ብቻ ስታወሩ ይህም ይነሣ። ስም ይጻፍ ስትሉ እኔ በጣም የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስም ከተጻፈ ዕድሜም ይታወቃል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራም ይታወቃል። ስም በሌለበት ሕፃን ልጅ መደበቅ ቀላል ነው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

@ጨንቻ በረዶ እውነት ነው። አባቴም እንደዚያ ነው የመጣው። አሁን ስለዚያ ጊዜ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ሦስተኛ ዓመት

ይህን ሁሉ አነበብኩ። ስለ ዕድሜው የተጻፈው ላይ ብዙ ቆየሁ። አሁን አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። በዓመቱ መጨረሻ የክፍላችን ዐውደ ርዕይ አለ። አንዲት ጓደኛዬ በነጠላ ላይ የምትሠራው ሥራ አላት። ካርዱ እንዴት ይጻፍ? ምሳሌ ስጡኝ።

ሐር ክር

እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የጓደኛሽ ወይም የጓደኛህ ስምና የሥራው ርዕስ። ቀጥሎ «ሽመና» ብሎ የሸማኔው ሙሉ ስምና የሠራበት ሰፈር። «ፈትል» ብሎ የፈታይዋ ስም፤ ክሩ ከገበያ የተገዛ ከሆነም እንደዚያው ይጻፍ፣ አይደበቅ። ከዚያ ድሩ ምን እንደሆነ፣ ማጉ ምን እንደሆነ፣ ጥለቱ በምን ክር እንደተጣለ። መጀመሪያ ግን ሸማኔውን ጠይቁት። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ አለ፣ ምክንያቱን ያውቃል። የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልግ እሱ ይንገራችሁ።

እኔም ከሚቀጥለው ሥራዬ ጀምሮ እጽፋለሁ። ሰው ቢወስድብኝ ይውሰድብኝ። ተሻምተውት ዋጋው ከፍ ካለ እሱ ነው የሚጠቀመው።

ለንደን 7

ጋና ኬንቴ የሚባለውን የሽመና ጨርቋን በ2024 ዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስመዘገበች። እኛ መስቀልን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ ገዳን፣ ጥምቀትን፣ ሹዋሊድን አስመዝግበናል። ሁሉም ላይ ሰው ምን ለብሶ ነው የሚወጣው? ሽመናው ራሱ ግን ገና ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲዘጋጅ ማን ይሠራል፣ የት ይሠራል፣ ለማን ያስተምራል የሚለው በዝርዝር ይጠየቃል። አሁን የምትሰበስቡት እያንዳንዱ ስም ለዚያም ይጠቅማል።

ሦስተኛ ዓመት

አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ቀረኝ። የሽመና ዕቃ አዳራሽ ውስጥ ይተከል ተብሏል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ጉድጓድ መቆፈር አንችልም። እንዴት ይሆናል?

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ጉድጓድ አያስፈልግም። ጉድጓዱ እኮ ለእግር ነው፣ ሸማኔው መሬት ላይ ስለሚቀመጥ። ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ሠርታችሁ መሀሉን ክፍት ተዉት፣ እግሩ እዚያ ይንጠለጠላል። ምሰሶዎቹን ከመድረኩ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ሲመታ ይወዛወዛልና። ከፊቱ ረጅም ባዶ ቦታ ይኑር፣ ድሩ ወደዚያ ነው የሚወጠረው፣ ጫፉም ከካስማ ጋር ይታሰራል። ሰው ድሩ ላይ እንዳይሄድ ገመድ ጋርዱ። መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን አድርጉ፤ አለበለዚያ በራሱ ጥላ ክር መቁጠር ያቅተዋል።

ቀኑን ንገሩኝ። አባቴን እጠይቀዋለሁ። እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ልሥራ እንጂ ልናገር አትበሉኝ» ይላል። ይሥራ፣ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠይቀው። እየሠራ ይመልሳል።

እቴቴ

እኔም እንዝርቴን ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ጥጡን ግን ቀደም ብላችሁ አስነድፉልኝ፣ አዳራሽ ውስጥ በደጋን ሲነደፍ ብናኙ ሰውን ያስነጥሳል።